ላዩ ጽጌረዳ፣ ውስጡን ለቄስ
(ስለ መንደር መንገድ ሥዕልና ስለ ዘመኑ)

የመንደር መንገድ ሥዕል ሁላችንም አይተናል። መንገዱ ጠበብ ብሎ ይጠማዘዛል። ግራና ቀኙ ጎጆ ነው፤ ክዳኑ ሣር ወይም ያረጀ ሸክላ፣ ግድግዳው ላይ ጽጌረዳ የተሳበበት። አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ከአጥሩ በር ላይ ቆማለች። ድመቷ ፀሐይ ትሞቃለች። ሰማዩ ብራ ነው። በቀን መቁጠሪያ ላይ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ላይ፣ በፖስት ካርድ ላይ ይኸው ነው። እኛም «እንዴት ደስ ይላል!» ብለን እናልፋለን።

ዛሬ ግን ማለፉን ትተን ጥቂት ቆም እንበል። ሥዕል ሰነድ ነው ይባላል። ሰነድ ከሆነ ደግሞ እንደማንኛውም ሰነድ መጠየቅ አለበት። ማን ሣለው? መቼ? ለማን? ምን አስገባ? ምንስ አስቀረ? ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ተራ የሚመስል፣ ግን ብዙ ነገር የሚከፍት ጥያቄ አለ፤ ሴትዮዋ የቆመችበት ቤት የማን ነው?

ለዚህ ምርመራ የመረጥኩት የእንግሊዛዊቷን ሠዓሊ የሔለን አሊንግሃምን ሥራዎች ነው። ይህን ዓይነቱን ሥዕል ዛሬ በምናውቀው መልኩ ካስፋፉት ሰዎች አንዷ እሷ ናት። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሔለን በ1848 ተወለደች። አባቷ ሐኪም ነበሩ፤ በ1862 የዲፍቴሪያ ወረርሽኝ ገብቶ በሽተኛ ሲያክሙ እሳቸውም በዚያው በሽታ ሞቱ፤ ትንሽ እኅቷም አብራ ሄደች። እንግዲህ ይህች ሴት ኑሮ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ያደገች የሀብታም ልጅ አልነበረችም፤ ይህን እንያዝ፣ ኋላ ያስፈልገናል። ሥዕልን በመጀመሪያ በበርሚንግሃም፣ ቀጥሎም በለንደን የንጉሣዊው አካዳሚ ትምህርት ቤት ተማረች። እዚያ ትምህርት ቤት በ1860 የመጀመሪያዋ ሴት ተማሪ ሆነው የገቡት አክስቷ ላውራ ሔርፎርድ ነበሩ። ከዚያም «ግራፊክ» ለሚባለው ሳምንታዊ ሥዕላዊ ጋዜጣ እየሣለች እንጀራዋን መብላት ጀመረች። በ1874 የቶማስ ሐርዲ ታዋቂ ልብ ወለድ በመጽሔት በተከታታይ ሲወጣ ሥዕሎቹን የሠራችው እሷ ናት። በዚያው ዓመት አየርላንዳዊውን ባለቅኔ ዊልያም አሊንግሃምን አገባች። በ1881 ቤተ ሰቡ ከለንደን ወጥቶ ሰሪ በሚባለው አውራጃ፣ ዊትሊ በምትባል መንደር አጠገብ ሰፈረ። የጎጆዎቹ ሥዕል በብዛት የሚጀምረው ከዚህ ነው። በ1886 «የሰሪ ጎጆዎች» በሚል ርእስ ለንደን ውስጥ ኤግዚቢሽን አሳየች፤ በ1890 የንጉሣዊው የውሃ ቀለም ሠዓሊዎች ማኅበር ሙሉ አባል አድርጎ የተቀበላት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ በ1903 ደግሞ ሥዕሎቿን የያዘ ትልቅ መጽሐፍ ወጣ። የመጽሐፉ ስም ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ደስተኛይቱ እንግሊዝ»!

እስቲ ሥዕሎቹን እንመልከት። አንደኛ፣ እጇ የሚናቅ አይደለም። ከቤት ውጭ፣ ከጎጆው ፊት ለፊት ተቀምጣ ነው የምትሠራው። ቀለሙን በስፖንጅ ታደበዝዛለች፤ ነጭ ብርሃን ስትፈልግ ወረቀቱን በስለት ጫር ጫር ታደርገዋለች። የጡቡ መሸርሸር፣ በክዳኑ ላይ የበቀለው ሽበት፣ የአጥሩ እንጨት መዝመም፣ ሁሉም አለ። ሁለተኛ፣ በመንገዱ ላይ የምናየው ሴትና ሕፃን ነው፤ ጎልማሳ ወንድ አልፎ አልፎ ካልሆነ አይታይም። ሦስተኛ፣ ልብሳቸው የዘመኑ አይደለም። ጫፉ ሰፋ ያለ የጨርቅ ባርኔጣና ነጭ ሽርጥ፣ የእናቶቻቸው ዘመን አለባበስ ነው። አራተኛ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ባለቤቱ የድሮውን መስኮት አውጥቶ አዲስ ሰፊ መስታወት አስገብቶ ከሆነ፣ ሔለን በሥዕሉ ላይ የድሮውን፣ በእርሳስ ዘንግ በትንንሹ የተከፋፈለውን መስኮት መልሳ ታስገባለች። ይኸውም ያየችውን ብቻ ሳይሆን መሆን ነበረበት የምትለውን ትሥል ነበር ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ውስጥ እንግባ። ሥዕሉ አያስገባንም፤ በሩ ላይ ያቆመንና «ውስጡን ለቄስ» ይለናል። የሚያስገባን የመንግሥት ሐኪም ነው። በ1865 ዶክተር ሐንተር የተባሉ ሰው ስለ ገጠር ሠራተኞች መኖሪያ ለመንግሥት ዘገባ አቀረቡ። የመረመሩት 5,375 የእርሻ ሠራተኞች ቤት ነው። ከነዚህ ውስጥ 2,195ቱ የመኝታ ክፍላቸው አንድ ብቻ ነበር። 2,930ዎቹ ሁለት ነበራቸው። ከሁለት በላይ ያላቸው 250 ብቻ ናቸው። ከመቶው ቤት 41 ያህሉ አባት፣ እናት፣ ጎረምሳ ልጅ፣ ኮረዳ ልጅ፣ ሕፃን፣ በሽተኛም ካለ በሽተኛው፣ በአንድ ክፍል የሚያድሩበት ነበር ማለት ነው። ካርል ማርክስ በ1867 ባሳተመው «ካፒታል» ውስጥ ይህንኑ ቁጥር ጠቅሶታል። ልብ እንበል፤ ቁጥሩን ያመጣው አብዮተኛ አይደለም፣ የመንግሥት ሐኪም ነው።

ያረጀ የሣር ክዳን ከሩቅ ለዓይን ያምራል። ዝናብ ሲዘንብ ምን እንደሚሆን ግን ሣር ቤት ውስጥ ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ታዲያ ቤቱ ለምን እንዲህ ጠበበ? እንጨት ጠፍቶ ነው? ሸክላ ጠፍቶ ነው? አይደለም። ነገሩ የሕግ ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር እያንዳንዱ አጥቢያ የራሱን ደሃ እንዲጦር ይገደድ ነበር፤ ወጪውም በዚያው አጥቢያ ባለ መሬቶች ላይ ግብር ሆኖ ይጣላል። ባለ መሬቱ ሒሳቡን ሠራ። በመሬቴ ላይ ጎጆ ከሌለ ደሃ አይኖርም፤ ደሃ ከሌለ ግብር የለም አለ። ስለዚህ አንድ ጌታ ብቻውን በያዘው አጥቢያ ጎጆ ይፈርሳል እንጂ አይሠራም። ሠራተኛው ግን ያስፈልጋል። ሠራተኛው ባለቤቱ ብዙ በሆነበት በሌላ መንደር ይጨናነቅና ማለዳ ተነሥቶ በእግሩ ተጉዞ ይመጣል፤ ማታም እንዲሁ ይመለሳል። ይህ ግብር ከየአጥቢያው ወጥቶ በብዙ አጥቢያዎች ኅብረት ላይ እንዲደለደል የተደረገው በ1865 በወጣ ሕግ ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙ መንደር ውብና ጸጥ ያለ የሆነው ሰዎቹ እንዳይኖሩበት ስለተደረገ ነበር።

ጎጆ ያገኘውስ? ጎጆው የአሠሪው ነው። ሥራና ቤት በአንድ ገመድ የታሰሩ ናቸው። ከሥራ የተባረረ ከቤትም ይወጣል። «ደመወዜ አነሰ» ብሎ አፉን የሚከፍት ሰው ሚስቱንና ልጆቹን መንገድ ላይ ለማየት መዘጋጀት አለበት። ደመወዙም ይታወቃል፤ ጄምስ ኬርድ የተባለ ሰው በ1850 እና በ1851 አገሩን ዞሮ እንዳጠናው፣ የእርሻ ሠራተኛ ደመወዝ በአማካይ በሳምንት 9 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ነበር፤ በደቡቡ ክፍል ደግሞ ወደ 8 ሽልንግ ከ5 ፔንስ ይወርዳል። ሃያ ሽልንግ አንድ ፓውንድ መሆኑን አስቡ። በሔለን ዘመን ከዚህ ከፍ ብሎ ነበር፤ ግን ያው የእጅ ወደ አፍ ኑሮ ነው።

ሠራተኞቹስ ዝም ብለው ተቀመጡ? አልተቀመጡም። በ1872 ጆሴፍ አርች የተባለ የገጠር ሠራተኛና ሰባኪ ዌልስበርን በምትባል መንደር፣ በአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ሕዝብ ሰብስቦ ተናገረ፤ በዚያው ዓመት የእርሻ ሠራተኞች ብሔራዊ ማኅበር ተቋቋመ። በ1874 የአባሉ ቁጥር ወደ 86,000 ደረሰ። በዚያው በ1874 በምሥራቁ ክፍል ያሉ ገበሬዎች ተባብረው የማኅበሩን አባሎች ከሥራ አስወጡ፤ ማኅበሩም ክንፉ ተሰበረ። ሆኖም በ1884 የገጠር ሠራተኛ የመምረጥ መብት አገኘ፤ በ1885 ዓ.ም. አርች ራሱ ፓርላማ ገባ። እንግዲህ ሔለን ዊትሊ ተቀምጣ ጽጌረዳና አጥር ስትሥል፣ እነዚያ በሥዕሉ ላይ የማይታዩት ወንዶች ሰብሰብ ብለው ስለ ሽልንግና ስለ ድምፅ ይነጋገሩ ነበር።

ሌላም ነገር ነበረ። ከ1870ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የእንግሊዝ እርሻ ተናጋ። በአሜሪካ ሜዳ የተመረተ ስንዴ በባቡርና በእንፋሎት መርከብ እየተጫነ ገባ። የእህል ቀረጥ በ1846 ስለተነሣ የሚያግደው የለም። በዚያ ላይ የ1879 ክረምትና በጋ ዝናብ ሆኖ ሰብሉ በሰበሰ። በ1877 ሁለት ኩንታል ከምናምን በሚሆነው አንድ ኳርተር ስንዴ 56 ሽልንግ ከ9 ፔንስ ሲያወጣ፣ በ1894 ወደ 22 ሽልንግ ከ10 ፔንስ ወረደ። ገበሬው ሠራተኛ ቀነሰ፤ የእህሉን መሬት ወደ ግጦሽ ለወጠ። ወጣቱ ወደ ከተማ፣ ወደ ማዕድን ጉድጓድ፣ ወደ ካናዳና ወደ አውስትራሊያ ሄደ። ገና በ1851 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከእንግሊዝና ዌልስ ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠው ከተሜ ሆኖ ነበር። በሥዕሎቹ ላይ መንገዱ ጭር ያለው ለካስ ያለ ምክንያት አይደለም።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ የሚያልቅ መንደርን ማን ገዝቶ ግድግዳው ላይ ይሰቅላል?» ቢል ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ባቡሩ ላይ ነው። ከለንደን ወደ ፖርትስመዝ የሚወስደው ሐዲድ በዊትሊ በኩል የተከፈተው በ1859 ነው። የከተማው ሀብታምና ምሁር በባቡሩ ወጥቶ ንጹሕ አየር ፈለገ። ሠዓሊው በርኬት ፎስተር በ1863 እዚያው ዊትሊ ቤት ሠራ፤ ደራሲዋ ጆርጅ ኤልየት በ1876 በአካባቢው ቤት ገዛች፤ ባለቅኔው ቴኒሰን ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ተራራ ላይ ይኖር ነበር። ሥዕሉን የሚገዛው የዚህ መደብ ሰው ነው። ገንዘቡን ያገኘው ጭስ ከሚተፋው ከተማ፣ ከፋብሪካና ከባንክ ነው፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ግን ጭስ ማየት አይፈልግም። ስለዚህ መንደሪቱን የበሉት ኃይሎች ያተረፉለት ሰው ራሱ የመንደሪቱን መልክ ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ ይሰቅላል። «የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» ይባላል፤ እዚህ ግን እያለቀሰ የሚልስም ነበረ።

እንግዲያው ሔለን አሊንግሃም ውሸታም ናት ብለን መዝገቡን እንዝጋ? ብዙ ሰው ይህን ቢል ይወዳል፤ ቀላልም ነው። እኔ ግን አይመስለኝም፤ ምክንያቶቼም እነዚህ ናቸው።

በመጀመሪያ፣ ጎጆዎቹ ሲፈርሱ አይታለች። የ1886ቱ ኤግዚቢሽን ካታሎግ፣ ሥዕሎቹ ከተሠሩ ወዲህ ባለፉት ጥቂት ወራት ውስጥ እንኳ ከጎጆዎቹ አንዳንዶቹ ጭራሽ እንደ ታደሱ፣ አንዳንዶቹም እንደ ጠፉ ይናገራል። ስለዚህ ብሩሿ የመዝጋቢ ሥራ ጭምር ሠርቷል። የጡብና የእንጨት አሠራሩን፣ የጭስ ማውጫውን ቅርጽ፣ የክዳኑን ዓይነት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ዛሬም ከሥዕሎቿ ይማራል፤ እርግጥ ስለ መስኮቶቹ መጠንቀቅ አለበት!

ሁለተኛ፣ እሷም እንጀራ ፈላጊ ነበረች። ባሏ በ1889 ሲሞት ሦስት ልጆች ይዛ ቀረች፤ የቤቱ ወጪ የሚሸፈነው በብሩሿ ነበር። ገበያው የሚፈልገው ጽጌረዳ ነው። ገበያ የሚያዘውን ሰው ስንወቅስ ገበያውን መርሳት የለብንም።

ሦስተኛ፣ ገጠሩን ሁሉ የመከራ ጉድጓድ አድርጎ መሣልም ሌላ ዓይነት ሐሰት ነው። ሐርዲ በ1883 ስለ ዶርሴት ሠራተኞች በጻፈው ድርሰት ይህን ተቃውሟል። ከተሜው የገጠሩን ሰው ሁሉ አንድ መልክ፣ አንድ ስምና አንድ መከራ ሰጥቶ እንደሚያየው፣ ቀርቦ ላየው ግን እያንዳንዱ የራሱ ጠባይና የራሱ ሳቅ ያለው ሰው መሆኑን አሳይቷል። በዚያው ድርሰት ግን ቤተ ሰቦች ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ በዓመቱ የኮንትራት ቀን ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ከእርሻ ወደ እርሻ ሲሰደዱ ይታያል። ሁለቱንም ማየት ይቻላል ማለት ነው።

አራተኛው ምክንያት ከሁሉ ይከብደኛል። በመንደሩ ውስጥ በእርግጥ የጠፋ ነገር ነበረ። እዚያው ሰሪ አውራጃ ውስጥ የሚኖረው ጆርጅ ስተርት በ1912 ባሳተመው ስለ መንደር መለወጥ በሚናገር መጽሐፉ፣ የአካባቢው የወል መሬት በ1861 ታጥሮ ለግል ሲከፋፈል ምን እንደደረሰ ያስረዳል። የወል መሬት እያለ ደሃው ላም ያሰማራበታል፣ ማገዶ ይለቅምበታል፣ ንብ ያኖርበታል። ከዚህ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ሲጠራቀም ከገበያና ከአሠሪ ነፃ የሆነ ኑሮ ይወጣው ነበር። መሬቱ ሲታጠር ግን የቀረው ጉልበቱና የሳምንት ደመወዙ ብቻ ሆነ። ስለዚህ የመንደሩ ሰው «ድሮ ይሻል ነበር» ቢል ሙሉ በሙሉ ቅዠት አይደለም። የሔለን ሥዕል ይህን ሐዘን ይነካዋል፤ ግን የጠፋውን ነገር ስሙን ይለውጠዋል። የጠፋው መሬት ነበር፣ እሷ አበባ አድርጋ መለሰችው። የጠፋው መብት ነበር፣ እሷ መስኮት አድርጋ መለሰችው። የእኔ ክስ ይህና ይህ ብቻ ነው።

በሌላ መንገድ መሣል ይቻል እንደነበር ማስረጃ አለ። ከሰሪ ጎጆዎች ኤግዚቢሽን አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1885፣ ሁበርት ሔርኮመር «ክፉ ጊዜ» የሚለውን ሥዕል ሠራ። እሱም እንደ ሔለን ለ«ግራፊክ» ጋዜጣ የሠራ ሰው ነው። ሥዕሉ ዛሬ በማንቼስተር ከተማ የሥዕል ቤት ይገኛል። እዚያም የገጠር መንገድ አለ፤ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ግን መንገዱ ዳር አንድ ሥራ ያጣ ሰው ቆሞ ሩቅ ይመለከታል። ሚስቱ ልጆቿን ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ደክማለች። የሥራ መሣሪያውና ጓዛቸው መንገዱ ላይ ወድቋል። አገሩ ያው እንግሊዝ፣ ዘመኑ ያው ዘመን ነው። ልዩነቱ ሠዓሊዎቹ የቆሙበት ቦታ ነው፤ አንዷ ከጎጆው አጥር ፊት ለፊት ቆመች፣ ሌላው ከጎጆው የተባረሩት በሚሄዱበት መንገድ ላይ ቆመ። ሁለቱን ሥዕል ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የ1880ዎቹን ገጠር ከአንዱ ብቻ ከሚያገኘው አብልጦ ያገኛል።

ለእኛ ይህ ምን ይረባል የሚል ይኖራል። አዲስ አበባ ውስጥ ለቱሪስት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆችን ስናይ የራሳችን መንደር እዚያ ተሰቅሎ እናገኘዋለን፤ ጎጆ፣ እንስራ ያዘለች ሴት፣ በሬዎች፣ ጀምበር ስትጠልቅ። እንስራዋ ውሃ እንደያዘ ይታያል፤ ምንጩ ምን ያህል እንደሚርቅ ግን አይታይም። በሬዎቹ ይታያሉ፤ መሬቱ በማን ስም እንደሆነ አይታይም። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ከዚያው ከሥዕሉ ውስጥ የወጣን ነን፤ ስለዚህ ማንም ሳይነግረን ክዳኑ የት የት እንደሚያፈስ እናውቃለን። ይህ ዕውቀት ደግሞ ተራ ነገር አይደለም፤ መጽሐፍ ያልጻፈው ማስረጃ ነው።

መንደርን ውብ አድርጎ መሣል ኃጢአት አይደለም፤ መንደርም ውብ የሚሆንበት ቀን አለው፣ በተለይ መስከረም ላይ። ችግሩ የሚመጣው ውበቱ ለጥያቄው መልስ ተደርጎ ሲቀርብ ነው። እንግዲህ የታሪክ ተማሪ የሥዕሉን ቀለም አድንቆ፣ የሴትዮዋን ፊት አይቶ፣ ለድመቷም ፈገግ ብሎ ካበቃ በኋላ ሥራው ገና ይጀምራል። በሩን አንኳኩቶ መግባት አለበት፤ ስንት ሰው በስንት ክፍል እንደሚያድር መቁጠር አለበት፤ ባልዬው የት እንደሄደ መጠየቅ አለበት። ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ያንኑ ጥያቄ አይርሳ፤ ይህ ቤት የማን ነው?